ራሴ የገለጥኩት ገጽ

ጁባ ውስጥ አልጋ ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ ከእንግዶቼ ጋር የተጣላሁት በአልጋው ዋጋ አልነበረም። በዋጋው ይስማማሉ፣ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ይጠይቃሉ፣ ቁልፉን ይቀበላሉ። ጠቡ የሚመጣው "የአዳር ታክስ አለው" ስል ነው። ያኔ ሁሉም ጠበቃ ይሆናል። "ለየትኛው መንገድ ነው የምከፍለው? ለየትኛው መብራት?" ይሉኛል፣ መንገድ የምሠራው እኔ ይመስል። እኔም ምላሴ አያርፍም። "እንግዲያው ሂድና መንገዱ ላይ ተኛ፣ እዚያ ታክስ የለም" እላለሁ።

ግቢው ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ነበር። ባሌ ሲሞት ጁባ ታውን የነበረንን የስኳርና የሽንኩርት ሱቅ ሸጬ ነው የተከራየሁት። ስድስት ክፍልና አንድ የማንጎ ዛፍ አለው። የሚያድሩት ነጋዴዎች፣ ሾፌሮች፣ ለስልጠና የሚመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ለሳምንትም ለወርም ይቆያሉ። ግብር ሰብሳቢው በየወሩ መጨረሻ ይመጣል። ወንበር አወጣለታለሁ፣ ለስላሳ እከፍትለታለሁ፣ መዝገቡን የወሩ ገጽ ላይ ገልጬ እሰጠዋለሁ። እንግዳ ማክበሬ አይደለም፣ ቶሎ አይቶ ቶሎ እንዲሄድልኝ ነው። ፖሊስም ለቁጥጥር ሲመጣ እንዲሁ ነው የማደርገው። እጄ ከመልመዱ የተነሳ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ደጄ ላይ ሲቆም ሳላስበው መዝገቡን ያነሳ ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ መዝገቤ ሁለት ነበር። አንዱ መንግሥት የሚያውቀው ነው፤ ሽፋኑ ጥቁር፣ የሚሞላው በእንግሊዝኛ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ የተከፈለ ታክስ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ሁለተኛው በአማርኛ የምጽፍበት የተማሪ ደብተር ነው። ደረሰኝ የማይፈልግ እንግዳ ደብተሩ ላይ ይገባል። ታክስ አይከፍልም፣ እኔም አልከፍልለትም፣ ስሙንም አልጽፍም፤ "ባለ ባርኔጣው"፣ "አኩራፊው" እያልኩ ነው የምይዘው። ጥቁሩ መዝገብ ላይ የሱ ክፍል ባዶ ነው። ሐላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በዚያ ሰፈር አልጋ የሚያከራይ ሁሉ ያደርገው ነበር።

በፈረንጆቹ 2013 ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰዎች ገቡ። ሁለቱም ከአገሩ ሰሜን፣ ከአንድ አካባቢ የመጡ ናቸው፣ ግን አይተዋወቁም። ቁጥር አራት የገባው የከብት ነጋዴ ነበር፤ በሩን ጎንበስ ሳይል አያልፍም። ታክስ የሚለውን ቃል ገና ከአፌ ሳላወጣው ሻንጣውን መልሶ አነሳ። "ረጅሙ፣ ቁጥር አራት" ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ አለቀ።

ቁጥር ሁለት የገባው ወጣት መምህር ነበር፣ ለሦስት ሳምንት ስልጠና የመጣ። እሱ ራሱ ነው የጠየቀኝ። "ማማ፣ የአዳር ታክሱ ስንት ነው?" አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከሱ በፊት የለም። ጁባ ውስጥ በዕድሜ የገፋች ሴት ሁሉ ማማ ናት፣ ታክሱን ግን ማንም በገዛ አፉ አይጠራውም።

"አንተ ልጅ፣ ደረሰኙ ይቅርብህ፣ ይቀልልሃል" አልኩት።

"አገሩ አዲስ ነው። እኛ ካልከፈልን ማን ይሠራዋል?" አለኝ እየሳቀ።

ተናደድኩበት። አጉል ጨዋ ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ። በሱ ምክንያት ጥቁሩን መዝገብ ማውጣት፣ ያን ሁሉ ዓምድ መሙላት ሊኖርብኝ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ሰብሳቢው የትውልድ ቦታን ባዶ እየተውሽ ነው ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። "በል የተወለድክበትን ንገረኝ" አልኩት። የመንደሩ ስም ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ፣ ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ሰረዝኩ። ከጎኔ ቁጭ አለና ፊደል በፊደል እየጠራ አስጻፈኝ፣ ለአንደኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያስጽፍ፣ ቀስ እያለ። ጽፌ ስጨርስ "ጎበዝ" አለኝ። እናቱን የማክል ሴት ጎበዝ ይለኛል። ንዴቴ በረደና ሳቅኩ። የመንደሩን ስም እዚህ አልጽፈውም።

በየሳምንቱ ይከፍላል። ደረሰኙን አራት አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይከታል። እኔም እለምደው ጀመር፤ ሻይ ሳፈላ እጠራው ነበር።

የአገሩ ወታደሮች ለሁለት ተከፍለው ተኩስ የጀመሩት እሁድ ነው። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ተኝተን ዋልን። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋብ ያለ መሰለ፣ ግን ወሬው ከጥይቱ ባሰ። የታጠቁ ሰዎች በየቤቱ እየገቡ ማን የት እንደተወለደ ይጠይቃሉ ተባለ፤ መልሱን ያልወደዱለትን ይወስዱታል። የሁለቱም እንግዶቼ መልስ የማይወደድ ነበር። ሌሎቹ አስቀድመው ወጥተው ስለነበር ሁለቱን ከየክፍላቸው እንዳይወጡ ነገርኳቸውና ሰው የሌለበት እንዲመስል በሮቹን ከውጭ ቆለፍኩ። አሰብኩላቸው ማለት ነው። እንዲያውም ኮራሁ።

እኩለ ቀን ላይ በሩ ተደበደበ። አራት ናቸው። ፊት የቆመው ጠመንጃውን አንግቶ፣ በጨዋ ድምፅ "ኪታብ ወይን?" አለኝ። መዝገቡ የት ነው ማለቱ ነው።

"ማፊ" ማለት ነበረብኝ። የለም ማለት ነው። ሱቅ በነበረን ጊዜ በቀን መቶ ጊዜ የምላት ቃል ናት። ስኳር አለ? ማፊ። ዝርዝር አለ? ማፊ። ያን ቀን ግን አልወጣችልኝም። መዝገቡን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፣ የወሩን ገጽ ራሴ ገለጥኩና ሰጠሁት። ለግብር ሰብሳቢው እንደማደርገው። ዘግቼ እንኳ ብሰጠው ኖሮ ገጹን እስኪፈልግ ሊሰለቸው ይችል ነበር፣ እላለሁ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላህ ነው የሚያውቀው።

ጣቱን በትውልድ ቦታ ዓምድ ላይ ወደ ታች አወረደው። አንድ ቦታ ቆመ። "ቁጥር ሁለት" አለ። ደብተሬንም አንስቶ አገላበጠው። የኛ ፊደል ምንም አልነገረውም፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ቁጥር አራትን አላስከፈቱኝም፣ መዝገቡ ባዶ ነው ይላላ።

ቁጥር ሁለትን ከፈትኩ። ልጁ ጫማውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲያያቸው ብድግ አለና ደረሰኞቹን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላቸው። "ከፍያለሁ" አላቸው። ወላሂ፣ ያለው ይህንኑ ነው። አንዱ ተቀብሎ አየና መለሰለት። እሱም አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሲወስዱት በሩ ጋ ዞር ብሎ አየኝ። የተቆጣ ፊት አልነበረም። ነገሩ ምን እንደሆነ እኔ የማውቅና የማስረዳው መስሎት የሚጠብቅ ፊት ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም፤ ያየው ሰውም አላጋጠመኝም።

ረጅሙን በሦስተኛው ቀን ሰው ወደተጠለለበት ካምፕ የሚሄድ መኪና ላይ አሳፈርኩት። እጄን ይዞ አለቀሰ፣ ነፍሴን አተረፍሽ አለኝ። እጄን ነጠቅኩት።

ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ግብር ሰብሳቢው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መጣ። "ቁጥር ሁለት የወጣበት ቀን አልተጻፈም" አለኝ።

"አልወጣም" አልኩት።

"ክፍሉ ባዶ ነው፣ ማማ።"

"አልወጣም አልኩህ።"

አየኝና የወሩን ታክስ አስቦ ደረሰኝ ቆረጠልኝ። ከፈልኩ። በሚቀጥለውም ወር ከፈልኩ። ሰዎች አበደች ይሉ ይሆናል። ግን ምን ብዬ ልጻፍ? እንግዳ ወጣ የሚባለው ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ ነው፣ እሱን ግን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ክፍሉንም ማከራየት አቃተኝ። ጠዋት ለእንግዶች የመታጠቢያ ውሃ ስቀዳ ሁልጊዜ አንድ ባልዲ ይተርፈኛል። ሶላት ላይ ስቆም እነዚያ ፊደላት፣ በሱ ድምፅ፣ ቀስ እያሉ መሀል ይገቡብኛል፤ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደሆንኩ ይጠፋብኝና እንደገና እጀምራለሁ።

ከዚያ ወዲህ የትውልድ ቦታ ለሁሉም ጁባ ነው። ኬንያዊ ሾፌርም ይምጣ የጎንደር መካኒክ፣ ጁባ።

"ሁሉም እዚህ ነው የተወለዱት?" አለኝ ሰብሳቢው አንድ ቀን።

"ሁሉም።"

"ይሄ ህንዳዊስ?"

"እናቱ እዚህ ወለደችው፣ ምን አገባህ?"

እሱ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

በ2015 ዝናቡ በበረታበት ሰሞን አንዲት ሴት ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት መጣች፤ ልብሷ በስብሶ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ። ጥርት ባለ አማርኛ "እንደምን ዋሉ" አለችኝ። አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ያደገች ናት፤ አገሩ ነፃ ሲወጣ ነው የተመለሰችው። ፎቶ አወጣች። አይቼ ሳልጨርስ ከግንባሩ አወቅኩት። ወንድሟ ነው። ሃይ ማላካል ማደሩን ብቻ ነው የምታውቀው፤ አልጋ የሚያከራየውን ቤት ሁሉ እየዞረች ነበር።

ልጁ በመጣበት ዓመት የሞላሁትን መዝገብና ደብተሩን በአንድ ፌስታል ነው ያስቀመጥኳቸው። አወጣሁላት። ገጹን አልገለጥኩላትም፣ ራሷ ፈልጋ አገኘችው። ስሙ ላይ እጇን አሳረፈች።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። "የሄድኩበት ሁሉ አልተጻፈም አሉኝ። በሥርዓት የጻፉት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እና አልዋሽም፣ ዝም ልል ነበር። ምስጋናዋን ውጬ፣ ሻይ አጠጥቼ ልሸኛት ነበር። ግን ደብተሩን አነሳችው። ለዚያ ባለ ጠመንጃ ምንም ያልነገረው ፊደል ለሷ ሁሉን ነገራት።

"ይሄ 'ረጅሙ፣ ቁጥር አራት' የሚለው መዝገቡ ላይ የለም" አለች።

"ታክስ አልከፍልም ያለ ሰው ነው።"

"እሱስ ምን ሆነ?"

"ዳነ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ደብተሩንና መዝገቡን ጎን ለጎን አድርጋ ቀኖቹን አስተያየች። "ወንድሜ እዚህ ደብተር ላይ ቢጻፍ ኖሮ?" አለችኝ።

"ይድን ነበር" አልኳት። "መዝገቡን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ገጹንም ራሴ ነኝ የገለጥኩላቸው። በሩንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ።

"ሲወጣ ምን አለ?"

"ከፍያለሁ አለ። ደረሰኞቹን አሳያቸው።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "እሱ ነው" አለች ከእጇ ውስጥ። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

ከዚያ መዝገቡን ወደኔ ገፋችና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። "የወጣበትን ቀን ይጻፉ። ቀኑን ስለማናውቅ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጥንም።"

ጻፍኩ።

"ወዴት እንደሚሄድ የሚለውም ባዶ ነው።"

እስክሪብቶውን ዓምዱ ላይ አስጠጋሁና መልሼ አነሳሁ።

"ወደ ቤቱ ይጻፉ" አለችና የመንደሩን ስም ፊደል በፊደል ትጠራልኝ ጀመር፣ ቀስ እያለች፣ ልክ እንደሱ። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስሰማው የኖርኩት ነው፣ ማንም ባይጠራልኝ እጽፈው ነበር። አላቋረጥኳትም። እሷ እየጠራች፣ እኔ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ስጨርስ አየችው፣ ትክክል ነው። ጎበዝ አላለችኝም።