የአባቴ አምፕሊፋየርና የእትዬ ትንፋሽ

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ ለብዙ ዓመት የካሴት ሱቅ ነበረው። ካሴት የሚገዛ ሰው ሲጠፋ ሱቁን ለልብስ ሰፊ አከራየና አምፕሊፋየሩን ቤት ይዞት ገባ። ከደሴ ያመጣው የጃፓን ዕቃ ነው፤ ፊቱ ብርማ፣ ሁለት መርፌዎች ከዘፈኑ ጋር ከፍ ዝቅ የሚሉበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ለማንሣት የሚከብደው። ከሁለቱ ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ጋር የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዟል። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የሚበራው እሱ ነው፤ እስኪሞቅ ድረስም አባቴ ምንም አይከፍትበትም።

እኔ ደግሞ ከዱባይ ስመለስ ሁለት የስቱዲዮ ሞኒተሮች፣ የተቀዳ ድምፅ የሚመረመርባቸው ስፒከሮች፣ ይዤ መጣሁ። ተቀጥሬ በምሠራበት ቤት የአሠሪዬ ልጅ ሙዚቃ ያቀናብር ነበር። ክፍሉን ሳጸዳ እያየሁት፣ ስጠይቀውም እየነገረኝ፣ ድምፅ መቅዳትና ማስተካከል ለመድኩ። ስፒከሮቹን ሲቀይር አሮጌዎቹን ለእኔ ሰጠኝ። ለመዝናኛ እንዳልተሠሩ፣ ድምፅ እንደማያሳምሩ፣ ያለውን ብቻ እንደሚያሰሙም ነገረኝ። ጓሯችን ያለችውን ክፍል ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፍኜ መቅጃ አደረግኳት። የሠርግ ዘፈንና መዝሙር የሚያስቀዱ ሰዎች ከአቀስታም ከደጎሎም ይመጡልኝ ጀመር።

አባቴ ሞኒተሮቹን አልወደዳቸውም። ድምፃቸው ድርቅ ያለ ነው፣ ሆድ የለውም ይላል። አንዱን ዘፈን አንዴ በእሱ ሳሎን፣ አንዴ በእኔ ክፍል እየከፈትን ስንከራከር ከረምን። እውነቱን ለመናገር የእሱ ደስ ይላል። ባሱ ወፍራም ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ ለስለስ ብሎ፣ ሞቅ ብሎ ይመጣል። በእኔ ሲከፈት ግን ክራሩ በግራ፣ ከበሮው ከኋላ፣ ዘፋኙ ከመሀል ተለይተው ይሰማሉ፤ ቅኝቱን የሳተ ክር ካለም አይደበቅም። ለሥራዬ የምፈልገው ይህንን ነው። አባቴ ግን ዘፈን የሚሰማ ሰው ስሕተት ፍለጋ አይቀመጥም ባይ ነው።

ክርክሩን ለመቁረጥ እትዬን እንቅዳ ያለው እሱ ነው። እትዬ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ እሱ እትዬ ስለሚላቸው እኛ ልጆቹም እንደዚያው እንላቸዋለን። የሚኖሩት በወግዲ በኩል ሲሆን፣ በአካባቢው ሠርግ ሲኖር ዘፈን የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። አባቴ ድምፃቸውን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ የትኛው መሣሪያ እውነቱን እንደሚናገር በእሳቸው እንለየዋለን አለ።

ለገበያ የመጡ ቀን ቀዳኋቸው። ማይክ ፊት መቀመጡ መጀመሪያ አሳቃቸው። ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው አንድ የሙሽራ ዘፈን ያለ ከበሮ፣ ያለ ተቀባይ ዘፈኑ። ሳሎን ገብተን በአባቴ አምፕሊፋየር ስንሰማው ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው አዳመጡና የወጣትነቴን ድምፅ ሰማሁ አሉ። አባቴ ማሸነፉ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ጓሮ ሄድን። በሞኒተሮቹ ስከፍተው ዘፈኑ ያው ነው፤ በየስንኙ መጨረሻ ግን፣ ትንፋሽ በሚወስዱበት ቦታ፣ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። አባቴ ወዲያው የመሣሪያሽ ችግር ነው አለኝ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ገመዱን ቀየርኩ። ሁላችንም ዝም እንዳልን የክፍሉን ጸጥታ ቀዳሁ፤ ምንም የለም። የራሴን ትንፋሽ ቀዳሁ፤ ንጹሕ ነው። እትዬ ዘፈኑን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት።

“ማሽኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ” አሉ። “ጋደም ስል የምሰማው ይሄንኑ ነው።”

ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ጠየቅኳቸው። ቆይቷል፣ ዳገት ስወጣ እየያዘኝ አርፍ ነበር፣ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት አሉ። አባቴ ወደ እሳቸው ዞረ።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አላቸው።

“ምን ብዬ? ሠርግ ላይ ከበሮው ይሸፍነዋል፤ ማንም አልሰማብኝም።”

ያን ቀን ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ አልፈቀድንላቸውም። በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። መንገዱ ትንሽ ሽቅብ ነውና ሁለቴ ቆመው አረፉ፤ አባቴም አብሯቸው እየቆመ የጫማው ክር የተፈታበት ይመስል ጎንበስ ይል ነበር። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ራጅ አስነሣቸው። የፈራነው ቲቢን ነበር፤ እሱ አልሆነም። የሳንባቸው ቱቦ ጠብቧል፣ የማገዶ ጭስ ያመጣው ሳይሆን አይቀርም አለን። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘላቸውና፣ ጨርሶ ባይድንም ከጭስ ከራቁ ሊሻላቸው እንደሚችል አስረዳቸው። እትዬ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዝፈን ይከለክሉኛል ወይ? ሐኪሙ እስካልደከማቸው ድረስ እንዲዘፍኑ ነገራቸው።

አባቴ በዚያው ሳምንት ሄዶ ማድ ቤታቸውን አየው። ጣሪያው ጥቀርሻ ተጋግሮበታል፤ መስኮት የሚባል የለውም። ጎረቤት ጠርቶ ግድግዳውን በሳና መስኮት አወጣለት፤ ከምድጃው በላይም ጭስ መውጫ ሠሩለት። እትዬ በብርድ ልትገድሉኝ ነው ብለው ተቆጡ።

“አብሽሪ፣ ትለምጂዋለሽ” አላቸው አባቴ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንድቀዳቸው ራሳቸው ጠየቁኝ። የጎረቤት ልጅ ልታገባ ነበርና ዘፈኑን በስልኳ ሊሰጧት አስበዋል። በሞኒተሮቹ ስሰማው ፉጨቱ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። እንዳለ በተፈጥሮው ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ የእሳቸው ድምፅ መሆኑን የሚያሳውቅ ነገር መስሎኝ ነው። ልተወው ወይስ ላጥፋው ብዬ ጠየቅኳቸው።

“አጥፊው እንጂ” አሉኝ። “ለሙሽራ ነው የምሰጠው። የእኔ ደረት ምን ያደርግላታል?”

አጠፋሁት።

ሠርጉ ላይ አባቴም እኔም ተጠርተን ሄድን። እትዬ ከሴቶቹ መሀል ቆመው ያወርዳሉ። ረጅሙን ስንኝ ግን እንደ ድሮው እስከ መጨረሻው አይዘልቁትም፤ ከመሀል ቆርጠው ለተቀባዮቹ ያቀብላሉ፤ ሴቶቹም ከአፋቸው ነጥቀው ይጨርሱታል። አጠገቤ የተቀመጠችው የሙሽራው ዘመድ ይህ አዘፋፈን የወግዲ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የእሳቸው ነው አልኳት። አባቴ ሰምቶን ሣቀና ከሚያጨበጭቡት ጋር ለመቆም ተነሣ።