በገብስ ክምር የሰመጠው ምንጭ

በሥራዬ ብዙ ገደል አይቻለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚገኝ ገደል ያየሁት ግን መካነ ሰላም አካባቢ ነው።

ከከተማው ወጣ ያለች አንዲት መንደር የቧንቧ ውሃ ልታገኝ ነው ተብሎ ለዘገባ ሄጄ ነበር። ምንጩ ከመንደሩ ማዶ ነው። ከመንደሩ ከፍ ካለ ውሃው በራሱ ይወርዳል፤ ዝቅ ካለ ግን ሞተር የሚገዛ ስለሌለ ነገሩ ይቀራል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የልኬቱን ውጤት አልጠበቁም። የቧንቧውን ቦይ እስከ ደጃፋቸው ቆፍረው ጨርሰዋል። አንዲት በጋቸው በየቀኑ እየገባችበት በየቀኑ ያወጧታል።

ከፍታውን የምትለካው ባለሙያ ላይዳር የሚባል ባለሦስት እግር መሣሪያ ይዛለች። መሣሪያው የሌዘር ጨረር እየረጨ ያገኘውን ሁሉ በነጥብ ይመዘግባል፤ ነጥቦቹ ተሰብስበው የከፍታ ካርታ ይሆናሉ። መጀመሪያ ከመንደሩ በኩል ለካች። ከምሳ በኋላ ወደ ምንጩ ተሻግራ ከዚያም ለካች። ሁለቱ ልኬቶች የሚገጣጠሙት በሽማግሌው ማሳ መሐል መሬት ላይ ባስቀመጠቻት ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ትታያለች።

ተመልሳ በኮምፒውተሯ ስታገጣጥማቸው ፊቷ ተለወጠ። ምንጩ ከመንደሩ በታች ሆኗል። ማሳው መሐልም ቀጥ ያለ ገደል ቆሟል።

"አባቴ፣ ማሳዎ ላይ ገደል አለ እንዴ?"

"የምን ገደል?"

"የሁለት ሰው ቁመት የሚሆን።"

ሽማግሌው ዞር ብለው ማሳቸውን አዩ። "ከመቼ ወዲህ?"

"ካርታው ነው እንዲህ የሚለው።"

"ካርታው አርሶበት ያውቃል? ውሃውስ?"

"ውሃው ሽቅብ ካልሄደ በቀር…"

ሽማግሌው ቦያቸውን አዩ። በጓ ከቦዩ ውስጥ አንገቷን አውጥታ ታያቸዋለች።

ያላየሁትን ስለማልጽፍ ገደሉን ፍለጋ ሄድን። ሽማግሌው በገዛ ማሳቸው መሬቱን በዱላ እየነኩ ከፊት ይራመዳሉ። ዳር እስከ ዳር አቋረጥነው፤ የወደቀ ሰው የለም። ሰሌዳዋም የለችም።

"ሰሌዳዬስ?" አለች ባለሙያዋ ደንግጣ።

"አብሽሪ ልጄ፣ ደህና ቦታ ናት።" በዱላቸው የገብሱን ክምር አመለከቱ። ሰሌዳዋ ጫፉ ላይ ጉብ ብላለች። "ወደ ማዶ ስትሻገሪ ነው ያነሳኋት። የእንግዳ ዕቃ ከከብት እግር ሥር ይጣላል? ነውር አይደለም?"

ባለሙያዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ ሰሌዳ ክምር ላይ ይወጣል ብሎ አልጠረጠረም። ሁለቱን ልኬት ለማስተካከል ሲል ምንጩን ከነተራራው በክምሩ ቁመት ያህል ቁልቁል ጎትቶታል።

"ያውርዷት፣ እንደገና እንለካለን።"

"ባዶ መሬት ላይ?"

"ባዶ መሬት ላይ።"

"ጭድ እንኳ ልጎዝጉዝላት?"

"አባቴ!"

በማግስቱ ሰሌዳዋ መሬት ላይ ዋለች። ሽማግሌውም ብቻዋን አትቀርም ብለው አጠገቧ ቆመው ዋሉ። ስለዚህ ነጥቦቹ መሐል ዱላ የያዙ ሽማግሌ ወጡ፤ መሬት ስላልሆኑ ከካርታው ተሰረዙ። ገደሉ ጠፋ። ምንጩም ከመንደሩ በላይ ሆነ።

"ምንጩን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው ለጎረቤቶቻቸው። "ሰሌዳዋን ባወርዳት ብድግ አለ!"

ጎረቤቶቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጋዜጠኛ ነው፣ እውነቱን ይናገር ብለው። ነገሩን ባሰላስለው ስህተት አጣሁበት።

"ልክ ናቸው" አልኩ።

ሽማግሌው ይህን ከሰሙ በኋላ በጓን ከቦዩ ሊያወጡ ሄዱ። ቧንቧ ሊገባበት ነው።