አርባዎቹ ቢጫ ሕዋሳት

ወይዘሮ ኒሺዛቶን ዐይኗን ማየት አልፈልግም ነበር። እዚህ ኦሳካ፣ በቤተ ሙከራችን፣ እሷ የካንሰር ሕዋስ ታሳድጋለች፣ እኔ አይጥ አሳድጋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እነዚያን የጡት ካንሰር ሕዋሳት ስትመግብ፣ ሳህን ስትለውጥላቸው፣ ነፍሱን ይማረውና ባሏን እንኳ እንዲህ የተንከባከበችው አይመስለኝም። ምላሷ ደግሞ ምላጭ ነው።

"አንተ ካሜይ! አይጦችህ ከአንተ ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ ይተጣጠባሉ" ትለኛለች፣ ሰው ፊት።

አለቃችን ፕሮፌሰር ኦጋታ አንድ ሐሳብ ይዘው ሙጭጭ ብለዋል። የካንሰሩ ሕዋስ ከነጭ የደም ሕዋስ ጋር ይዋሃዳል፤ ከዚያ የእሱን እግር ተውሶ እስከ ሳንባ ይሄዳል ባይ ናቸው። ካንሰሩ ቀይ፣ የደሙ ሕዋስ አረንጓዴ እንዲያበራ ተደርጓል፤ የተዋሃደው ቢጫ ሆኖ ይታያል። ካንሰሩ ከተወጋባቸው አይጦቼ ሳንባ አርባ ቢጫ ሕዋስ ተገኘ። ሰውዬው በደስታ ሰከሩ!

አንድ ቀን ከሰዓት ኒሺዛቶ ጠራችኝ።

"ና እስቲ እይ፣ ዐይን ካለህ።"

የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ቢጫው ለሁለት ተለየ፤ አረንጓዴው ከላይ፣ ቀዩ ከታች። ለካ ተደራርበው ነው እንጂ አልተዋሃዱም! ከአርባው ሠላሳ ሰባቱ እንዲህ ነበሩ። በእውነት ተዋህደው በአንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ኒውክለስ፣ ማለትም ሁለት የሕዋስ እምብርት የያዙት ሦስት ብቻ ናቸው።

"ተይው በናትሽ" አልኳት። "ውላችን መጋቢት ላይ ሊታደስ ነው። ዝም አይነቅዝም።"

"እኔስ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማን ሊቀጥረኝ? ግን ሦስት እውነት ከአርባ ውሸት አይሻልም?"

የሰኞ ስብሰባ ላይ በየማዕረጋችን ነው የምንቀመጠው። እኛ የቤተ ሙከራ ረዳቶቹ ከኋላ ነን፤ ካልተጠየቅን ትንፍሽ አንልም። እሷ ግን ተነስታ ሁሉንም ዘከዘከችው። ዶክተር ተብዬዎቹ ጫማቸውን ያያሉ።

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ። "ወይዘሮ ኒሺዛቶ፣ የዐይን ሐኪም ልፈልግልዎት?"

"ካሜይም አይቷል! ይጠየቅ!"

ሁሉም ዞሮ አፈጠጠብኝ።

"አቶ ካሜይ፣ እውነት ነው?" አሉ ፕሮፌሰሩ ለስለስ ብለው።

"እኔ የማውቀው አይጥ ነው" አልኩ። "እንዲህ ያለ ነገር አይቼ እንደሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!"

ቁጭ አለች።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የእኔ ውል ታደሰ፤ የእሷ ቀረ። አርባውም ቢጫ «ተዋህደዋል» ተብለው በሳይንስ መጽሔት ታተሙ። ሕዋሳቷን ለተተኪዋ አስረክባ ስትወጣ በሩን ከፈትኩላትና ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። ይቅርታ ማለት ግን አቃተኝ።

"አቶ ካሜይ፣ ስለደከሙልኝ አመሰግናለሁ" አለች፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው አድርጋ፣ እና ወጣች።

ምነው ሰድባኝ በሄደች!