የአባቴ ግማሽ ፉከራ

የባሩድ ሽታ በዚህ ዕድሜዬ ተመልሶ ግቢዬ ገብቷል። የልጅ ልጄ ዮናስ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የተኩስ ፊልም እሠራለሁ ብሎ፣ ገንዘብ ስለሌለው በተዋሰው ካሜራ ጓደኞቹን ከጎመን መደቤ ጀርባ እያሯሯጠ፣ ርችት እያፈነዳ፣ ለደም ቀይ ሥር ቀቅሎ እየቀባ፣ አንዱን ልጅ ጃኬት እያስለወጠ ደጋግሞ ይገድለዋል። እኔም ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ። ርችቱ ጧ ሲል ግን ሳቄ ይደርቅና ያ በጣልያን ጊዜ የመጣብን የሲኒማ ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

አባቴ በረሃ ከርሞ የገባው መስቀል እንዳለፈ ነበር። ጠመንጃውን አስረክቦ፣ «ከብት ስጠብቅ ነው የኖርሁት፣ ወደ ሰው ተኩሼ አላውቅም» ብሎ ምሎ ቤቱ ተቀመጠ። በክረምቱ ጨሞጋ ወንዝ ቁልቁለት ላይ አንድ ካሚዮን ከነነጂው ተመትቶ ቀርቶ ስለነበር ጣልያኖቹ ያን ያደረገውን ሰው አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ አባቴ ነበር። የታወቀ ዕለት መሰቀሉ እንደማይቀር እኛ ልጆቹ እንኳ እናውቅ ነበር። እናቴ የወንዙን ስም ቤታችን ውስጥ አታስጠራም፤ አንድ ቀን «ጨሞጋ ወርጄ ውሃ ልቅዳ» ብል ጭኔን ቆንጥጣ አስለቀሰችኝና ከዚያ ወዲያ «ታች ውሃ» እያልን እንጠራው ነበር።

አዝመራው ገብቶ ሜዳው ሲደርቅ የሲኒማው ሰውዬ መጣ። ባገሩ የፈረስና የሽጉጥ ፊልም ይሠራ እንደነበር፣ እዚህም የጦርነት ፊልም ሠርቶ ስሙን ለማስጠራት እንደመጣ አስተርጓሚው አወራ። ስም ፈላጊ ይሁን እንጂ ያለው ነገር ሁሉ ቁራጭ ነበር፦ አንድ የፊልም ማንሻ ማሽን፣ አንድ የደከመች በቅሎ፣ እርሳስ የሌለው ጥቂት ጥይት። ሰው የበዛ እንዲመስልለት የገቡትን አርበኞች በግድ ሰብስቦ፣ እንዳይተኩስ መዶሻው የወለቀ ጠመንጃ አስይዞ፣ በማሽኑ ፊት ያስሮጣቸውና በጉብታው ዞረው እንደገና እንዲመጡ ያደርግ ነበር። አባቴም ተጠርቶ ሄደ፤ እንቢ ማለት ራሱ ያስጠረጥር ነበርና።

እኛ ከሴቶቹ ጋር ከሜዳው ዳር ቆመን እናያለን። ሰውዬው «ውደቁ!» ቢያስብል የሚወድቅ ጠፋ። ሚስቱና ጎረቤቱ ቆመው እያዩ በጣልያን ተኩስ ማን ይወድቃል? አንዱ ሽማግሌ ጭራሽ ጋቢያቸውን አንጥፈው በዝግታ ጋደም ቢሉ ሴቶቹ ሳቁ። ሰውዬው ባርኔጣውን መሬት ላይ ወርውሮ ጮኸ፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ለአስተርጓሚው አንሾካሾከ።

«እንደ ልማዳችሁ ፎክሩ፣ ያን ጊዜ ይሞቃችኋል ይላል» አለ አስተርጓሚው።

የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ባገራችን ፉከራ ላይ አይዋሽም፤ ያልሠራውን የሚፎክር ወንድ እዚያው ፊት ለፊቱ ይጋለጣል፣ የሠራ ሰው ደግሞ ዘራፍ ካለ በኋላ አፉን መያዝ አይሆንለትም። አስተርጓሚው የዚያው የማርቆስ ልጅ ስለነበር እያንዳንዷን ቃል ይሰማል።

ሁለት ሦስት ሰዎች ስለ አንበሳና ስለ ጎሽ ፎክረው አለፉ። የአባቴ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር፤ ማሽኑ ቅርርር እያለ ሲዞር፣ ጠመንጃው እጁ ላይ ሲሞቅ፣ አንገቱ እየተወጠረ ዓይኑ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

«ዘራፍ! የታረቀኝ ልጅ!
ጨሞጋ ቁልቁለት ከዋርካው ሥር አድሮ፣»

አስተርጓሚው ያጨስ የነበረውን ሲጋራ ከአፉ አወጣ።

«ወየው! ወየው ጉዴ! የልጆቼን አባት ገደሉት!»

እናቴ ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ ደረቷን እየደቃች ሜዳው መሀል ገባች። ያገራችን ሴት የሞተው ማን ነው ብላ ጠይቃ አታለቅስም፤ አንዷ ስትጮህ ሌሎቹም ተከትለው ገቡና ሜዳው በዋይታ ተናጋ፣ የአባቴ ድምፅ ተዋጠ። እኔ እውነት መስሎኝ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። አባቴ አፉን እንደከፈተ እናቴን አየ፣ ገባው፣ ከዚያም በግንባሩ ተደፋ።

የሲኒማው ሰውዬ በደስታ ዘለለ። ማሽኑን ራሱ እየገፋ ወደሚያለቅሱት ሴቶች ሮጠ፤ ሲፈልገው የኖረው ነገር ሳይከፍልበት መጣለት። ሲበቃው ወደ አባቴ እያመለከተ አስተርጓሚውን ጠየቀው፤ ምን ብሎ ሲፎክር እንደነበር ይመስለኛል። አስተርጓሚው የተደፋውን አባቴን አየ፣ እናቴን አየ፣ ባጭሩ መለሰለት። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛ ግን ሌሊት ይመጣሉ ስንል፣ ነገ ይመጣሉ ስንል፣ ፍርሃታችንን እንደያዝን በጋው አለቀ፤ የመጣ ሰው አልነበረም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ዝምተኛ ሆነ፣ ሰው ሲያንጎራጉር እንኳ ተነስቶ ይወጣ ነበር። ጣልያን ለቆ በወጣ ጊዜ ጎፈሬያቸውን ያጎፈሩ አርበኞች ከተማ ሲገቡ፣ ወንዱ ሁሉ እየተነሳ ሲፎክር፣ እሱ ካቡ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ። እኔ አፍሬ ነበር። በኋላ ግን ወደ እናቴ ዞረ።

«ጥሩዬ፣ አሁንስ ልጨርሰው?»

«አንቱ ሰውዬ፣» አለችው፣ ሳቁም እንባውም አብሮ እየመጣባት፣ «ይጨርሱታ! ማን ከለከለዎት!»

ተነሳ። ዘራፍም ሳይል፣ ከተቋረጠበት ቀጠለ።

«ካሚዮን ያስቀረ ከነነጂው ቀብሮ!»

እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው በዚያ ሜዳ ላይ ዋይ ያለችበት ጉሮሮ መሆኑን ማን ያምናል?

አሁን ዮናስ «ከት!» ሲል፣ የሞቱት ልጆች ሣራቸውን አራግፈው፣ «እማማ ሻይ የለም?» እያሉ እየተሳሳቁ ይመጣሉ። ሻዩን እቀዳለሁ። የኛ የሲኒማ ሰውዬ ግን አባቴን ተነስ ሳይለው ማሽኑን ጭኖ ሄደ፤ ያ ፊልም አንድ ቦታ ካለ አባቴ እዚያ እንደተደፋ ነው፣ እናቴም እያለቀሰች ነው። ስለዚህ የዮናስ ልጆች በወደቁ ቁጥር፣ እስኪነሱ ድረስ የሻዩን በራድ ይዤ እቆማለሁ።