ላሞቹ የወደዱት ውኃ

ወረታ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልቤን ያሸፈተው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ ምንም የሚሽከረከር ነገር ሳይኖረው በማግኔትና በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ ጀልባ።

ሳይሰለች የሚያዳምጠኝ አብሮ አደጌ ነበር። የተቃጠለ የወፍጮና የውኃ መሳቢያ ሞተር እየፈታ ሽቦውን መልሶ የሚጠመጥም ባለሙያ ነው። ከክፍል ስወጣ ሱቁ ደጃፍ ሻይ ይዘን እናልማለን። በማግኔት ተንሳፍፎ ጎንደር የሚገባ ባቡር አሠርተናል። ከጣራ ገዳም ዳገት ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት ረጅም ቱቦ ዘርግተን፣ ያለ እሳት ዕቃ ወደ ሰማይ ወንጭፈናል። ሻዩ ሲያልቅ ወደ ጀልባው እንመለሳለን።

ጀልባው ቀልድ አልነበረም። የርብ ወንዝ ሲሞላ የፎገራ ሜዳ ባሕር ይሆናል፤ በሜዳው መካከል ያለው ደብር ሰውም ወደ ወረታ የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ነው። አንድ ጊዜ የሞተር ጀልባ ተሞክሮ፣ የሩዝ አገዳና እምቦጭ የሚሽከረከረው ክንፉ ላይ እየተተበተበ አላላውስ አለው። የኔ ጀልባ ክንፍ የለውም። ከሥሩ ማግኔት፣ በግራና በቀኝ ዝርግ ብረት፤ ኤሌክትሪኩ በውኃው ውስጥ ሲያልፍ ማግኔቱ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጀልባው ወደ ፊት ይሄዳል።

ጓደኛዬ ሱቁ ውስጥ ገንዳ ሞላልኝ። ክንድ የማትሞላ ሞዴል ሠርተን ከባትሪ ጋር አገናኘናት። ሄደች! እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

በግንቦት ገንዳውን ይዘን ደብሩ ደጅ ሄድን። «አንተ ለማስረዳቱ ተዘጋጅ» ብሎ ውኃውን የሞላው እሱ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ሰዉን ሰብስበው ጠበቁን። ሞዴሏ ከዳር እስከ ዳር ስትሄድ እልልታው ቀለጠ። ሰዉ ሲበተን ከወንዝ የሚመለሱ ላሞች ገንዳው ላይ ተጋፉ፤ በዱላ እንኳ አልለቅ አሉ።

«አሁን ጠጥተው መምጣታቸው እኮ ነው!» አለ ባለቤታቸው።

«ከብት እንኳ ወደደው። መልካም ምልክት ነው» አሉ የኔታ።

ከብት በማርባት የታወቀ አገር ነው። ያን ቀን ግን ላሞቹ ምን እንደቀመሱ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሳቅሁ።

ደንገል ክረምቱን ጠጥቶ ስለሚበሰብስ የደብሩ ሰው በየዓመቱ በበጋ ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ከዝናቡ በፊት አዲስ ታንኳ ይሠራል። «ዘንድሮ ይቅር» አሉ የኔታ፤ «ልጃችን ጀልባ ያመጣልናል።» ደርቆ የተከመረውን ደንገል ለጣሪያና ለማገዶ ተካፈሉት።

በሐምሌ ትልቁን ጀልባ ጎርፉ ላይ አወረድነው። ብረቶቹ ላይ ትንሽ አረፋ ወጣ። ሌላ ምንም የለም። ደጋግመን ፈታን፣ ደጋግመን ገጠምን። ጓደኛዬ ዓይኔን ማየት ፈራ። ያኔ ላሞቹ ትዝ አሉኝ።

«ገንዳው ውስጥ ጨው ጨምረህ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አለኝ። «ባዶው ውኃ ንቅንቅ አላደረጋትም። እንደዚያ ጓጉተህ ሳይህ መናገር አቃተኝ። ደግሞ አስተማሪው አንተ፤ ትደርስበታለህ ብዬ ነበር።»

ጨው ያለበት ውኃ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ፣ ጨው የሌለበት ግን እምብዛም እንደማያስተላልፍ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቢሰድበኝ፣ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ወር እየዋሸኝ ሻይ አብሮኝ ጠጣ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በማግስቱ ዱላ ተደግፌ፣ እስከ ደረቴ ውኃ ውስጥ እየገባሁ ወደ ደብሩ ተሻገርኩ። የኔታ ከውኃው ዳር ቆመው ነበር። ከጀርባቸው የታመመች ሴት ቃሬዛ ላይ ተኝታለች፤ ልጆቿ ከኋላዬ ጀልባ ይመጣ እንደሆን ያማትራሉ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«የኔታ፣ ከዳኝ እኮ!»

«አንተን እሱ ከዳህ» አሉ በዝግታ። «እኛ እሱን መች እናውቀዋለን? ያመንነው አንተን ነው።»

ማጭድ ለመንኳቸው፤ አሁኑኑ ደንገል ልጨድ አልኩ።

«እርጥብ ደንገል ሰው አይሸከምም፣ ልጄ» አሉኝ።