አሥራ አንደኛዋ ጣት

መሳቢያዬ ውስጥ እጀታው በመያዝ ብዛት የለሰለሰ ቁልፍ አለ። የአባቴ የቶርኖ ቁልፍ ነው፤ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን ላይ ብረቱን የሚያስርበት። ባየሁት ቁጥር የጋለ ብረትና የዘይት ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቃሊቲ፣ ከከባድ መኪኖች መቆሚያ ጀርባ ወደነበረችው የቆርቆሮ ቶርኖ ቤታችን እመለሳለሁ።

አባቴ የሙያ ምስክር ወረቀት አልነበረውም። ደንበኛ ሲጠይቀው ሁለት እጁን ዘርግቶ "ይኸው፣ አሥሩም አሉ" ይላል። በሰፈራችን ጣቱን ለቶርኖ የገበረ ስለማይጠፋ ማንም አይስቅበትም። ትልቅ ብረት ሲያስር፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በእጁ አንድ ዙር ያዞረዋል። "መጀመሪያ እጅ ይመነው፣ ከዚያ ሞተሩ" ይል ነበር። ወለሉ ላይ ደግሞ በጠመኔ መስመር አስምሯል፤ ደንበኛ እንዳያልፈው ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ሥራዬን በጣም አከብር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሹፌር የተሳቢውን የፍሬን ታምቡር፣ ከጎማው ውስጥ ያለውን ክብ ብረት፣ ሊያስተካክል መጣ። ታምቡሩ ከእኔ ይከብዳል። ነክሰው የሚይዙት የቶርኖው አራት መንጋጋዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ በቁልፍ ይጠብቃሉ። ሰውየው መስመሬን ጥሶ፣ ዞር ይበሉ ብዬ ብነግረውም አልሰማ ብሎ አባቴ ጆሮ ሥር ቆመ።

"ኧረ ጋሽ ታደለ፣ ጓደኞቼ እኮ ሞጆ ደርሰዋል። ይፍጠኑልኝ እንጂ" ይላል ደጋግሞ።

አባቴ ሦስቱን መንጋጋ አጠበቀ። ለሰውየው መልስ ሲሰጥ ቁልፉን አስቀመጠና እጁን ወደ ማስነሻው ሰደደ።

"አባዬ፣ በእጅህ አላዞርከውም" አልኩ።

በዚያን ጊዜ ልጅ በእንግዳ ፊት አባቷን አታርምም። ሹፌሩ "ወይ የዛሬ ልጅ" ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ታምቡሩን በእጁ ገፋ ሲያደርገው ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ተንጋደደ። አራተኛው መንጋጋ አልጠበቀም ነበር። ሞተሩ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ብረት አባቴ ደረት ላይ ነበር የሚያርፈው።

አባቴ ላቡን ጠረገና እጄን ይዞ ወደ ሹፌሩ ዞረ። "አሥራ አንደኛዋ ጣቴ ይቺ ናት" አለው። ሰውየው ወደ ኋላ ተራምዶ ከመስመሬ ወጣ። ያን ቀን የኮራሁትን ያህል ዲፕሎማዬን ስቀበልም አልኮራሁም።

ዛሬ እኔ የምሠራበት ዘመናዊ ቶርኖ መከላከያ በሩ ካልተዘጋ አይነሳም። ቢሆንም ትልቅ ብረት ሳስር በእጄ አንድ ዙር አዞረዋለሁ። የማሠለጥናቸው ልጆች "ማሽኑን አያምኑትም እንዴ?" እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ይቀልዱ፣ ግን እነሱም ያዞራሉ።

የአባቴ ዓይን ደክሟል። ከሥራ ስገባ ሰላም ሳይለኝ እጆቼን ተቀብሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ይቆጥራል። አሥር ሲሞሉለት መዳፉን አናቴ ላይ ያሳርፍና "አሥራ አንድ" ይላል።