ኮሶ መርማሪዋ ትርንጎ

ትርንጎ በደብረ ታቦር ገበያ ኮሶ ትሸጥ ነበር። ኮሶ ሻጭ ሌላም ሞልቶ ነበር፤ ሸጣ የማትለቅ ግን እሷ ብቻ ነበረች። ዛሬ የሸጠችለትን ሰው ነገ ፈልጋ ታገኘዋለች። ከቅዳሴ ሲወጣም ይሁን ከሽማግሌዎች ጋር ለእርቅ ተቀምጦ፣ እጅ ነሥታ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ራሱ ወጣ?» ትለዋለች።

የሰውየውን ራስ ማለቷ አይደለም። የኮሶ ትል አሥር ክንድ ቢወርድም ራሱ ካልወጣ እንደገና ያድጋል፤ ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ተመልሶ ይታያል። ትርንጎ ደግሞ አንዱ ሰው ከነራሱ ሲወጣለት ሌላው ለምን እንደሚቀርበት ሳታውቅ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስንት ክንድ ወረደ? የጠጡት ከቀዩ ከሴቴው ነው ከወንዴው? ዘንድሮ ከጉና የለቀምኩት ነው የዓምናው? ጨዋ ጨዋው ሰው ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረኝ አባቴ ዑመር ነው። አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁ ከትርንጎ መደብ ፊት ለፊት ነው። ምጽዋ ሲመላለስ ጣሊያንኛ ስለለመደ ጣሊያን ደብረ ታቦር ሲገባ ወደደም ጠላም አስተርጓሚ አደረጉት።

በ1930 ዓ.ም. አንድ ሐኪም መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺሙ ቀይ፣ እንደ ሽመላ እግሩን እያነሣ የሚራመድ ሰው ነው። የደጋውን ሰው የሆድ ትል እንዲመረምር ተልኮ ነው የመጣው። ስሙ ዶክተር ቴስታ። ቴስታ በቋንቋቸው ራስ፣ ጭንቅላት ማለት ስለሆነ አባቴ ስሙን እንደሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳቀ።

ዶክተሩ በመጣ በሳምንቱ አዋጅ ተነገረ። የከተማው ሰው ሁሉ ሰገራውን በቅል ይዞ ሐኪሙ ቤት እንዲመጣ ተባለ። ግራዝማች ሙላቴ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ አዋጁን ሰሙና፣ «አገሩን ወሰዱ፣ ጠመንጃውን ወሰዱ። ይህችን እንኳ አይተዉልንም?» አሉ። ሰው ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ማንም ግን አልሄደም። ዶክተሩ ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ ዋለ።

አባቴ አሳዘነውና፣ «አንተ የምትጠይቀውን የምትጠይቅ አንዲት ሴት አለች፤ ላምጣልህ?» አለው።

ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ዶክተሩ ከላይ እስከ ታች አያት። «ይህች ሴት ስለ ትል ምን ታውቃለች?»

አባቴ ሲተረጉምላት ትርንጎ ወገቧን ያዘች። «መጀመሪያ እሱ ይንገረኝ። በእሱ መድኃኒት ራሱ ይወጣል?»

ዶክተሩ ፊቱ ከጺሙ ብሶ ቀላ። «አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎማ በእኔም ይወጣል!» አለችና ሳትጋበዝ ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ አባቴ መተርጎም አቃተው፤ ሁለቱም እኩል ያወራሉ። በመጨረሻ ዶክተሩ አጉሊ መነጽሩን መስኮቱ አጠገብ አምጥቶ፣ መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ በብርጭቆ ላይ አንዲት ጠብታ አኖረና እንድታይ ጠቆማት። ትርንጎ ጎንበስ ብላ በአንድ ዓይኗ አየች።

«ዑመር! ዳጉሳ ነው! ሰው ሆድ ውስጥ ዳጉሳ ዘርተውበታል!»

«የትሉ እንቁላል ነው» አለ ዶክተሩ። «አንዱ ትል በቀን ብዙ ሺህ ይጥላል።»

ቀጥሎ በአልኮል የተቀመጠ የትል ራስ አሳያት። የሰናፍጭ ፍሬ ታህል የነበረችው ነገር በመነጽሩ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ አከለች። «አራት ዓይን አለው!»

«ዓይን አይደለም፤ መጣበቂያው ነው። አራት አፍ ቢባል ይሻላል።»

«አራት አፍ! ጎረቤቴ ዘነበች በልታ የማትጠግበው ለካ ለዚህ ነው!» አለችና ሳቋ መጣ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አሥራ አምስት ዓመት ስትጠይቅ የኖረችውን ነገር ገና ዛሬ አየችው። ተሰናብታ ወጣች፤ ከበር ተመለሰችና አየች። እንደገና ወጣች፤ እንደገና ተመለሰች። አባቴ ሰባት ጊዜ ቆጥሯል።

በማግሥቱ ሁለቱ ሥራ ጀመሩ። ዘዴውን ያመጣችው ትርንጎ ናት። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ለጎንደር መንገድ ሥራ በግዳጅ ይነዳ ስለነበር፣ «ኮሶ ጠጥቶ የወጣለትን በሙሉ በእንስራ ላመጣልን ሰው ሁለት ቀን ከሥራ የሚያሳርፍ ወረቀት ይጻፍለት» አለች። ዶክተሩ ፈረመ። ከዚያ ምን ይጠየቃል! ሰልፉ ከሐኪሙ ቤት ተነሥቶ ገበያውን አቋርጦ ሄደ። አንዱ በእንስራ፣ አንዱ በገንቦ፣ አንዱ በሚስቱ ድስት ይዞ ይመጣል፤ ሚስት ድስቷን እያሳደደች ትመጣለች። አንድ ብልጥ ሰው የውሻውን ይዞ መጣ። ትርንጎ በመነጽሩ አንድ ጊዜ አየችና፣ «እስቲ ጩህ!» አለችው። ሰልፉ በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ።

በወሩ የምትፈልገውን አገኘች። የዓመቱ ትኩስ፣ ቀዩ የሴቴው አበባ ከሆነ ከሠላሳ ሰው ሃያ ሁለቱ ከነራሱ ይወጣለታል፤ የከረመው ግን እንዲሁ ሆድ መቁረጥ ብቻ ነው። ዶክተሩ ቁጥሩን በደብተሩ ጻፈ። ትርንጎ የከረመ ኮሶዋን በሙሉ ተሸክማ ወንዝ ደፋችው።

መንገዱ ላይ ግን ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ጠፋ። የመንገዱ ኃላፊ መቶ አለቃ ሩጄሪ ፈረሱን አስጋልቦ ዶክተሩ ግቢ ገባ፤ አለንጋውን ቦቲው ላይ እየመታ ጮኸ። ጩኸቱ ሲያልቅ ወደ ዶክተሩ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾከ። ዶክተሩ ወደ አባቴ፣ አባቴ ወደ ትርንጎ ዞረ። «መቶ አለቃው በሰገራው እንደ ዱባ ፍሬ ያለ ነጭ ነገር አይቷል። ሁለት ወር ሆኖታል። ጥሬ ሥጋ ይወዳል።»

«ምስኪን!» አለች ትርንጎ። «ነገ ማለዳ ባዶ ሆዱን ይምጣ።»

መቶ አለቃው በማግሥቱ መጣ፤ ኮሶውን ጨልጦ ጠጣ፤ ከዚያ ወዲያ ከጓሮው ሽንት ቤት አልወጣም። እኩለ ቀን ላይ ትርንጎ አሥራ አንድ ክንድ ለክታ ጫፉን መነጽሩ ሥር አስገባች። አራቱ አፍ ቁልጭ ብሎ ታየ! አባቴ ሱቁ ሄዶ ስለነበር ልትነግረው ነጠላዋን ጥላ በገበያው መሐል በረረች። «የመቶ አለቃው ራስ ወጣ! ራስ ወጣ!»

ጨው ሻጮቹ ራስ ሆነ ማለቷ መሰላቸው፤ ለሹመቱ እልል አሉ። በግ ተራ ሲደርስ ወሬው «ራሱ ተቆረጠ» ሆኗል። እልልታው ጨመረ። በጉና በኩል ያሉት አርበኞች ይህንኑ ሰምተው ከተራራው ላይ በደስታ ሰማዩን ተኮሱት፤ ምሽጉ ውስጥ መለከት ተነፋ፤ ወታደሩ ቁምጣውን እንደታጠቀ ተሯሯጠ። በዚህ መሐል ግራዝማች ሙላቴ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ሙክት አስጎትተው ዶክተሩ ግቢ ደረሱ። «እንኳን ለራስነት አበቃዎ!» አሉ ወደ ሽንት ቤቱ እጅ እየነሡ።

መቶ አለቃው በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በአንድ እጁ ሽጉጡን ይዞ ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ምንድን ነው ይሄ?»

አባቴ ትርንጎን ተከትሎ ገና ግቢው መድረሱ ነበር። ቢዋሽ ይሰቀላል፤ እውነቱን ቢናገርም ይሰቀላል። ዓይኑን ጨፍኖ እውነቱን ተናገረ፤ ራስ ማለት ጭንቅላትም ሹመትም እንደሆነ አንድ ባንድ አስረዳ። መቶ አለቃው ትርንጎን አያት። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሱ ታየ፤ ሱሪውን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ሰዉም እየፈራ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፍርሃቱን ረሳው። ሽጉጡን ለአባቴ አስይዞ በመነጽሩ አየ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ሲገዛኝ የኖረው ይህ ነው?» አለ።

«በጉንስ ምን ላድርገው?» አሉ ግራዝማች።

«ይታረድ!» አለች ትርንጎ። «ግን ተቀቅሎ ይበላ!»

«ይህኛው ትል ከበግ አይመጣም፤ ከበሬ ነው» አለ ዶክተሩ። ትርንጎ ቆም አለች። «ታዲያ በሬው ከየት አመጣው?» ብላ ግንባሯን መታች። «ዳጉሳው! ሣሩ ላይ ይወድቃል፤ በሬው ይግጠዋል፤ በሬውን ሰው ይበላዋል!» ዶክተሩ ሁለት እጇን ይዞ በግቢው መሐል አዞራት። ሙክቱ ደንግጦ አመለጠ፤ ግራዝማች ካባቸውን ሰብስበው ተከተሉት።

ሁለቱ እስከ 1933 ዓ.ም. አብረው ሠሩ። በሰኔ መጨረሻ የደብረ ታቦር ጣሊያን እጁን ሲሰጥ ዶክተሩ ከምርኮኞቹ ጋር ሄደ። ሲሄድ አጉሊ መነጽሩን በሣጥኑ አድርጎ ከአንድ ወረቀት ጋር ለትርንጎ ሰጣት። አባቴ አነበበላት፤ «ይህ መሣሪያ የሥራ ባልደረባዬ የትርንጎ ነው» ይላል። የዚያን ቀን ብቻ ሳትስቅ ዋለች ይላል አባቴ። ማታ እናቴ እራት ብትወስድላት ግን ቁንጫ መነጽሩ ሥር አስገብታ፣ «ኑ! ፈረስ ነው፣ ፈረስ!» እያለች አገኘቻት።

በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ መነጽሩን በበቅሎ ጭና ዋንዛዬ ወረደች። ሰው ለጠበል በሚታጠብበት ፍል ውኃ አጠገብ ካለው ቦይ አንዲት ጠብታ ቀዳችና አንዷን ታጣቢ ጠራቻት። ሴትዮዋ ጠብታዋ ውስጥ የሚርመሰመሰውን አየች፤ ጮኸች፤ ሳቀች፤ እህቷን ጠራች። እህቷ አማቷን ጠራች። ወዲያው ፍል ውኃው ባዶ ቀረ፤ እርጥብ ነጠላ የተከናነበ ሴት ሁሉ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ እየተጋፋ፣ እየተንከተከተ ተሰለፈ።

«በተራ! በተራ ነው!» ትላለች ትርንጎ መነጽሯን አቅፋ። «ኧረ እናንተ፣ ፀሐይዋን አትጋርዱብኝ!»